ሶኬቱን የነቀልኩ ዕለት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፒንሳ፤

ሰላምታዬ ከልቤ ይድረስሽ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እሰፋለሁ፤ ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንቺን ግን ያለሽበት ብርድ አይንካሽ፣ አለቃሽ ፊቱን አያጥቁርብሽ፣ የሄድሽበት መንገድ መመለሻ ያለው ይሁን።

በስልክ ሦስት ጊዜ ሞከርን። ሦስቱንም ጊዜ አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ቁም ነገር ሳናወራ ዘጋን። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ወረቀት ትዕግሥተኛ ነው። አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሳይዘጋ ይጠብቀኛል።

ጉዳዩ የወንድምሽ ኮምፒዩተር ነው። የአጎትሽና የኔ ልጅ ቢሆንም በአንድ ማዕድ ስላደጋችሁ ወንድምሽ እለዋለሁ። ከሥራ መልስ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጻሕፍት እያነበበ ድምፁን ይቀዳ እንደነበር ነግሮሻል። አጎትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጁን «ሬዲዮ» ያለው በከንቱ አልነበረም፤ ገና ፊደል እንደ ቆጠረ የሱቁን ማስታወቂያ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የጎረቤትን ደብዳቤ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። አንድ ቀንማ የጎረቤታችንን የፍርድ ቤት መጥሪያ ደጃፉ ላይ አነበበለትና ሰውዬው ወር ሙሉ አኮረፈን።

ሬዲዮ ካረፈ ሦስት ወር ሞላው። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ መምህር መጣ፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ተጀምሮ ቀርቷል፣ የተቀዳው እቤት ካለ ለተማሪዎቹ ይድረስ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ስከፍተው አልከፈት አለ።

ድሮ ሲበራ ነጭ ሳጥን ይመጣና ፓስወርድ ይጠይቅ ነበር። ፓስወርዱ አለኝ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በራሴ እጅ አስጽፎኛል። «አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቁልፍ የጠፋ ቁልፍ ነው፣ እማ» ብሎ። አሁን ግን ሳጥኑ አይመጣም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይደረደርና ይቆማል። ጽሑፉን በሌላ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ስዬልሻለሁ። ረፋዱን ፈጀብኝ። ቁጥሮቹን ትቻቸዋለሁ፣ የራሱ የማሽኑ ቆጠራ መስለውኝ።

ቸኩለሽ እንዳትመልሺ። ግን አትቆዪ።

እትዬሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለማከብርዎ ለእትዬ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበትዎን ያጽናልን፣ ዓይንዎን ለመርፌው ያቆይልን። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት መቶ ኮምፒዩተሮች ሲያጉረመርሙ ይውላሉ፣ እንዳይሞቁም ክፍሉ በማቀዝቀዣ ይነፋል። ውጭ ፀሐይ ሲያቃጥል እኔ በካፖርት ነኝ። አጎቴ ጋሼ ኖረው ቢያዩኝ «ፒንሳን ማን ፍሪጅ ውስጥ ከተታት?» ይሉ ነበር።

ደብዳቤዎ እጄ ከገባ ሰንብቷል። መልስ ለመጻፍ እየተቀመጥኩ ተነሣሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። እንዲያ አድርገው የሳሉት ጽሑፍ በእኛ ቋንቋ «ዲስኩን መጠበቅ ታከተኝ፣ አላገኘሁትም» ማለት ነው፤ ዲስክ የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ወንድሜ ይጠቀምበት የነበረው፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ሊኑክስ ይባላል። ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የተማሪዎቹ ስምና አድራሻ ስላለበት፣ ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳይነበብ ዲስኩን እንዲቆልፍ የመከርኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ማንም ባለሙያ ነኝ ባይ ከዚያ ዲስክ ላይ ያለ ፓስወርዱ አንዲት ቃል አያወጣም። ፓስወርዱን ለእኔም እንዳይጽፉልኝ። ደብተሩ ውስጥ ይቆይ።

ጋሼ «መጀመሪያ ሽቦውን እይ፣ ከዚያ ሰውየውን ጠርጥር» ይሉን አልነበር? እኛም ከሽቦው እንጀምር። ከኤሌክትሪክ ነቅለው የኮምፒዩተሩን ሣጥን ጎን በካቻቢቴ ይፍቱት። ከዲስኩ የሚወጣውን ጠፍጣፋ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ጫን ይበሉት። ከዚያም ጽሑፉን እንደገና ይላኩልኝ፣ አሁን ግን ከነቁጥሩ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፋው ማን ነው? ሲጠፋስ ስክሪኑ ላይ ምን ነበር? የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ልጅዎ ፒንሳ


ኅዳር 21 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ካፖርቱን ቆልፊው። ደረትሽ ከልጅነትሽም ደካማ ነበር።

እንዳልሽው ከፈትኩት። የአጎትሽን የዕቃ ሣጥን ካወረድኩ ዓመት አልፎኛል። ባለ ቀይ እጀታው ካቻቢቴ ጫፉ እንደ ተሸረፈ አለ። ሁለታችሁ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ገብታችሁ ሽቦ ስትልጡ ትዝ አለኝ። ሬዲዮ የሽቦው ሽፋን ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ አንቺ ትልጪያለሽ፣ አጎትሽ ደግሞ ከላይ ሆኖ «እዚያ ታች ሥራ ነው ወይስ ዜና?» ይላል። አንቺ ፒንሳውን ይዘሽ አልለቅም ስላልሽ ነው ስሙ የወጣልሽ። ማታ እጅሽን ከፍቼ ነበር የምወስደው።

የኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ ግማሹ የኔ ክር ነው። ከስፌት መኪናዬ የሚበነው ሁሉ ለካ እዚያ ገብቶ ይተኛል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት። ገመዱንም ጫንኩት፤ አልላላም ነበር። ስከፍተው ያው ነው። ጽሑፉን ከነቁጥሩ ልኬልሻለሁ።

ለጠየቅሽኝ፣ መብራት ሄዶ ነው የጠፋው። ስክሪኑ ላይ ምንም አልነበረም።

መምህሩ በድጋሚ መጥቶ ነበር። አልጨቀጨቀኝም፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጤናዬን ጠየቀና ሄደ። እንዲህ ያለው ነው የሚከብደው። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ፣ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው፣ ነገሩን ሰምቶ እቤት ድረስ መጣ።

«እናቴ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ሁሉንም አጥፍቼ አዲስ ሥርዓት እጭንበታለሁ። እንደ ሙሽራ ነው የሚሆንልዎ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡማ ይጠፋል። አሮጌ ዕቃ ይዞ ሙሽርነት አለ እንዴ?»

«ልጄ ነው ውስጡ ያለው» አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። መጥፎ ሰው አይደለም።

ምን ላድርግ? ንገሪኝ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለማከብርዎ ለእትዬ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። መዘግየቴን አውቃለሁ። የምጽፈው ጥሩ ነገር አጥቼ ነው።

እትዬ፣ በሐሰት ተስፋ አላቆይዎትም። መብራት የሄደው ማሽኑ ምንም ሳይሠራ ባረፈበት ከሆነ፣ ገመዱም ደህና ከሆነ፣ የቀረው ጥርጣሬ ዲስኩ ራሱ ሞቷል የሚል ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚቃጠል ዲስክ ብዙ አይቻለሁ። የተቆለፈ ዲስክ ሲሞት ደግሞ ከሌላው ይከፋል፤ ትንሽ ከተጎዳ ሁሉም ይጎዳል። ቆልፈው ያልኩት እኔ ነኝ።

ለትምህርት ቤቱ ሌላ አንባቢ ቢፈልጉ ይሻላል። መጽሐፉ አይጠፋም፣ አንባቢም አይጠፋም። ለዶክተሩ ቢሰጡትም ከእንግዲህ አልቃወምም።

እስካሁን ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ወንድሜ ከማረፉ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በስልክ መልእክት ጽፎልኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ሳልከፍተው ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልከፍተው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ እንደ ተዘጋ ነው። እርስዎ ማሽኑን ክፈቺልኝ ሲሉኝ እኔ አንዲት መልእክት መክፈት አቅቶኝ ነው የከረምኩት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 30 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፒንሳ፤

ጤናሽን ይስጥሽ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ካበዛሁ የምጽፈውን እሸሸዋለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ማሽኑን በአንሶላ ጠቅልዬ ለዶክተር ወሰድኩት። ወንበር ሰጠኝ። ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። እሱም ሥራውን ሠራ። ከዚያ ተነሣሁና ይዤው ተመለስኩ።

ትምህርት ቤቱ ሌላ አንባቢ ያገኛል። ማሽኑ እንዲከፈት የፈለግሁት ለእነሱ ብዬ አይደለም። ተማሪዎቹን አስቀድሜ ከኋላቸው ተደበቅኩ። ፎቶግራፍ ሞልቶኛል። ሸሚዙም አለኝ፣ ጫማውም አለኝ። የሌለኝ ድምፁ ነው። እየረሳሁት ነው፤ «እማ» ሲል እንዴት እንደነበረ አንዳንድ ቀን አይመጣልኝም።

መብራት አልሄደም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።

አጎትሽ አንድ ቤት ከነሰዎቹ ሲቃጠል ካየ ወዲህ የቤታችን ሕግ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ። ሶኬት ሁሉ ሳይነቀል ማንም ደጃፍ አይሻገርም፤ ከካውያ ይጀመራል። ዳቦ ሊገዛ ለሚወጣም ቢሆን ያው ነበር። ሬዲዮ ይስቅብኝ ነበር። «እማ፣ ፍሪጁንም ይዘሽው ውጪ» ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደንብ ልብስ እተኩሳለሁ። እሱ ከክፍሉ ወጣ፣ መጣሁ አለኝ፣ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እየሮጠች መጣች፤ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ወደ ሐኪም ቤት ወስደውታል አለችኝ። ልጄ ወድቋል ተብሎ እየተነገረኝ ካውያውን ነቀልኩ። የስፌት መኪናውን ነቀልኩ። ክፍሉ ገባሁ። ማሽኑ በርቷል። ስክሪኑ ላይ ረጅም መስመር ነበር፣ ከግማሽ በላይ የሞላ፣ ከሥሩ የማላውቀው ጽሑፍ። እሱንም ነቀልኩት። እጄ ነው የነቀለው፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ስደርስ አልፏል። ነርሷ «ከአምስት ደቂቃ በላይ ሆነው» አለችኝ።

ሦስት ሶኬት ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለክቼዋለሁ። ሰዓቱን ይዤ ከካውያው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ በሩ ተመላልሻለሁ። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ብዙ ጊዜ ለካሁት፣ አይለወጥም።

ለሰው የነገርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አሁን የሚሆነውን ንገሪኝ።

እትዬሽ


ጥር 10 ቀን

ለእናቴ ለእትዬ፤

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ነው የምጽፈው። ምሳዬን ትቼ ምድር ቤት ተመልሼ፣ ጉልበቴ ላይ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። ለክተው ጻፉት እንጂ አልቀነሱትም። ነርሷ ከአምስት ደቂቃ በላይ ብላለች፤ ከአምስት ላይ አንድ ተኩል ሲነሣ ሦስት ተኩል ይቀራል። አንዲት ሶኬት ሳይነኩ ቢሮጡም አይደርሱም ነበር። ይህ ማጽናኛ አይደለም፣ መቀነስ ነው። ካውያው ደግሞ የሰው ልብስ ላይ እንደ ጋለ ይቀር ነበር።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ አልሞተም። ያዩት ረጅም መስመር አፕዴት ነው፤ ሥርዓቱ በአዲስ ሲታደስ ማለት ነው። ልንገርዎ። ማሽኑን የተቆለፈ ክፍል እንዳለው ቤት ይቁጠሩት። በሩ ላይ ትንሽ ዘበኛ አለ፤ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ይከፍታል። አፕዴት ሲመጣ አዲስ ዘበኛ ይቀጠራል። እርስዎ የነቀሉት አዲሱ ዘበኛ ልብሱን ግማሽ እንደ ለበሰ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ፣ መቆለፊያ መኖሩንም ሳያውቅ፣ «ዲስኩን ጠበቅኩት፣ የለም» ይላል። በሁለተኛው ወረቀት ከላይ የጻፉልኝ ቁጥር የአዲሱ ዘበኛ ቁጥር ነው፤ አሁን ገባኝ። ክፍሉ ግን አልተነካም። አሮጌው ዘበኛም አልተባረረም። ማንም ስላልጠራው ከኋላ ተቀምጧል።

ይጥሩት። ማሽኑን እንዳበሩ፣ ጥቁሩ ጽሑፍ ሳይመጣ፣ ከኪቦርዱ በስተግራ ከላይ ጥግ ያለችውን ቁልፍ ደጋግመው መታ መታ ያድርጉ። አጭር ዝርዝር ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለው አዲሱ ነው፣ ከሥሩ ያለው አነስተኛው አሮጌው ነው። በቀስቷ ወደ ታች ወርደው እሱን ይምረጡ። ነጩ ሳጥን ይመጣል። ፓስወርዱን ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ኪቦርዱ ሞተ ብለው አይደንግጡ፣ ዝም ብለው ጽፈው ይጨርሱ። ቢሳሳቱም ደግሞ ይጠይቅዎታል።

ከተከፈተ፣ ምንም ከመስማትዎ በፊት ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱት። ዶክተሩ ይቅዳልዎ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው። አፕዴት ልጫን ካለዎ እምቢ ይበሉት። አዲሱን ዘበኛ ማልበስ የእኔ ሥራ ነው፣ ስመጣ አደርገዋለሁ።

መልእክቱን ከፈትኩት። ሁለት መስመር ነው። «ፒንሳ፣ ትልቅ አፕዴት መጥቷል። ልጫነው ወይስ መጽሐፉን እስክጨርስ ልጠብቅ?» ይላል። መልሴን ጠብቆ ጠብቆ፣ ሲቀርበት ጫነው። ብመልስለት ኖሮ ጠብቅ ነበር የምለው። ስለዚህ እትዬ፣ የነቀሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ልጅዎ ፒንሳ


ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለፒንሳ፤

እንኳን ለዚህ ደብዳቤ አደረሰን። የሁለት መስመሯን መልእክት ጣል አድርጊያት። እሱ መልስ ሲዘገይበት የሚቀየም ልጅ አልነበረም። መጥሪያው ደጃፉ ላይ የተነበበበት ጎረቤት እንኳ ይቅር ብሎናል።

ተከፈተ።

ሁለት ጊዜ ቁልፏን ዘግይቼ ነክቼ ጥቁሩ መጣብኝ። ሦስተኛው ላይ ዝርዝሩ መጣ። ወደ ታች ወርጄ አሮጌውን ጠራሁት። ነጩ ሳጥን መጥቶ ቆመ። ፓስወርዱን ከደብተሬ እያየሁ ጻፍኩ፤ ምንም አይታይም። ነግረሽኝ ባይሆን ትቼው እነሣ ነበር። መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ሁለተኛው ላይ ገባ።

ዶክተር መጥቶ ገለበጠልኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ሳላነሣ። ሲሄድ «ሙሽራ አያስፈልግም ነበር፣ እናቴ» አለኝ። ምንም አላስከፈለኝም፤ ኮቱን ልጠግንለት ተቀብያለሁ።

ለብቻዬ ልሰማው ፈራሁ። ለመምህሩ ላክሁበት። መጥቶ የልጄ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የቱን እንክፈት?» አለኝ። የመጨረሻውን አልኩት። የቁልፎቹን ቦታ በእጁ ያውቃል፣ እሱ ራሱ ከፈተው።

ድምፁ መጣ። ልጄ፣ አልረሳሁትም ነበር። ልክ እንዳሰብኩት ነው፣ ትንሽ ብቻ ይፈጥናል። ስለ መዘውር ያነባል፤ ከባድ ዕቃ በገመድ እንዴት እንደሚነሣ። ከኋላው የስፌት መኪናዬ ይንጣጣል። ዝም በይልኝ እያለ ይለምነኝ ነበር፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ሥራ ሲያጣድፈኝ ደግሞ እጀምራለሁ።

መምህሩ ፈገግ አለ። «ይቺን መኪና ተማሪዎቹ ያውቋታል» አለኝ። «ለክፍሉ ሁሉ 'የሳይንስ መኪና' ናት። ዝም ስትል ፈተና የሚመጣበት ነው ይላሉ።»

ከሰው ፊት ሳቅኩ። ልጄ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጨርሶ ዝም አለ ስንል ድምፁ በድጋሚ መጣ፤ ለንባብ ሳይሆን ለራሱ በሚያወራበት ድምፅ። «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። ከላይ ሦስተኛውን መስመር ጨርሼ ቆሜያለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

መምህሩ «ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር ማለት ነው። ለእኛ ሲልክ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ሰምተነው አናውቅም» አለ። ከዚያም «ሌላ አንባቢ አግኝተናል፣ ከነገ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል» አለኝ።

«ስንት ገጽ ይቀራል?» አልኩት።

«ሠላሳ አንድ።»

«እኔ ብሞክረውስ?»

«ያነባሉ እንዴ?»

«ቀስ ብዬ። በጣም ቀስ ብዬ።»

«ልጆቹ እየሰሙ ወረቀቱን በሹል ብረት እየወጉ በብሬል ነው የሚጽፉት፣ እናቴ። ልጅዎን ሁልጊዜ ፈጠነ እያሉ ያሙት ነበር።»

እንዴት እንደሚቀዳ አሳየኝ፤ አንዲት ቀይ ነጥብ መንካት ብቻ ነው። እሱን ሸኝቼ ተመለስኩ። መጽሐፉን ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ገለጥኩት። ከላይ በጣቴ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀዩን ነካሁና ከአራተኛው መስመር ጀመርኩ።

እትዬሽ